እስከ አስር ብቻ

«እንግዲህ አፍሽን አሟሺ» አለ ክላይቭ ከበሩ ማዶ ቆሞ። «በጎቹ ግን የእናንተን የዌልሽ ቋንቋ ቁጭ ብለው አይጠብቁም። አንቺ ‹አስራ ሰባት› ብለሽ እስክትጨርሺ ሦስት በግ አልፎ ይሄዳል።»

ሄሌድ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። ዝናቡ ከኮፍያዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ዛሬ ካልተሳካላት መቼም አይሳካላትም።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የዚህ የዌልስ ተራራ በግ ሁሉ አንድ ላይ ይወርድና፣ የየባለቤቱ ተለይቶ፣ በተራ በተራ በዚህ በር ሲያልፍ ይቆጠራል። ቆጣሪው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ያለው ቁጥርም ይጸናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆጣሪው ከድንበሩ ማዶ የሚመጣው እንግሊዛዊው ክላይቭ ነበር። አምና «ከአንቺ ስድስት ይጎድላል» አላትና ሦስት ቀን በበረዶ ተራራውን ስታስስ ሰነበተች። ባዶ እጇን ተመልሳ እቤቷ ብትቆጥራቸው አንዲትም አልጎደለች። «በራሳቸው ወርደው ነዋ» ብሎ ሳቀባት።

ዘንድሮ «እኔ ልቁጠር» አለች። ክላይቭም በሰው ፊት ቃል አስገባት፦ ከተሸነፈች ስለ ቆጠራ ዳግመኛ ትንፍሽ ላትል፤ እኩል ከወጡም ቦታው የእሱ ሆኖ ሊቀር። ሽማግሌው ኢድዋል ማለዳ ተነስተው አንድ መንጋ በእርጋታ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቆጥረው በረት አስገብተዋል። ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ያንኑ መንጋ እኩል ሲቆጥሩ ልክ የሆነው በዚያ ይለያል።

ኢድዋል መቀርቀሪያውን ሳቡት።

«ኢን፣ ዳይ፣ ትሪ፣ ፔድዋር…» ሄሌድ በዌልሽ ከአንድ ጀመረች። አስር ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷን አጠፈችና እንደገና «ኢን» አለች። አያቷ በግ ሲቆጥሩ ከአስር አልፈው አያውቁም። ከአስር በላይ ያለው የዌልሽ ቁጥር ረጅም ነው፤ ለሚሮጥ በግ አይሆንም። አስር በሞላ ቁጥር አንድ ጣት ይታጠፋል፣ አለቀ።

«ይቺ ልጅ አስር ላይ ተጣብቃ ቀረች እኮ» አለ አጥሩ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ። ሰዉ ሳቀ።

አስሩም ጣቶቿ ታጠፉ። መቶ ሆነ፤ በጎቹ ግን ገና መምጣታቸው ነው። ሄሌድ አፏን ሳታቆም በጭብጧ ኮፍያዋን ከራሷ ላይ ነጥቃ ጭቃው ላይ ወረወረችው።

«ምን ነካት?»

«ዝም በል፣ መቶ መሙላቷ ነው» አለች ከጎኑ ያለች ሴት።

እዚህ ላይ አንዱ ውሻ ጮኸ፤ መንጋው በርግጎ በሩ ላይ ተጋፋ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይዘሉ ጀመር። «መቶ ሠላሳ ስምንት፣ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ» እያለ ክላይቭ በእንግሊዝኛው ይጮሃል፤ ቁጥሩ ሄሌድ ጆሮ ውስጥ እየገባ ሊያሳስታት ይታገላል። ቀስ በቀስ ትንፋሹ አጠረው። «መቶ»ውን ይውጠው ጀመር፤ ከዚያም ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

እሷ ግን ደስ ብሏታል፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ምላሷ ከበጎቹ እግር እኩል ይሮጣል። ሁለተኛው መቶ ሲሞላ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ወረወረችው። አሁን የሚስቅ ሰው የለም፤ ሁሉም አጥሩን ተደግፎ አንገቱን አስግጓል። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት በግ እያነከሰች፣ ተረጋግታ አለፈች። ሄሌድ «ኢን» ብላ አበቃች።

ኢድዋል መጀመሪያ ክላይቭን ጠሩት። በጆሯቸው ነገራቸው። ቀጥሎ ሄሌድን ጠሯት።

«ኮፍያና ሻርፕ፣ ሦስት ጣትና አንድ» አለቻቸው።

«በሰው ቁጥር ንገሪኝ እንጂ!»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ወረቀታቸውን አወጡ፤ አዩት፤ ደግመው አዩት።

«ወረቀቱ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይላል። ሄሌድም ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ብላለች።» ወረቀቱን አጣጠፉት። «ክላይቭም እንደዚያው። እኩል ናችሁ።»

ለሄሌድ እኩል ማለት መሸነፍ ነው። ልክ ቆጥራ፣ አንድም ሳትስት፣ ከእንግዲህ ዝም ልትል ነው። እንባዋ መጣባት።

ክላይቭ ግን አልጨፈረም። በእጁ መዳፍ የፊቱን ዝናብ ጠረገ።

«ጋሼ ኢድዋል፣ መቶ አርባ ሰባት ላይ ጠፍቶብኝ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ቁጥሩ ነዋ። የቀረውን ከእሷ አፍና ጣት እየለቀምኩ ነው የጨረስኩት።»

«አንተ ደግሞ ዌልሽ ከመቼ ወዲህ ነው የምትሰማው?»

«አስር ቃል ናት እኮ፤ ስትደጋግመው ማን ይጠፋዋል?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ክላይቭ አልሳቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሄሌድ ዞረ።

«አምናም እዚያው ግድም ነበር የጠፋብኝ» አላት። «አጠገቤ የሚቆጥር ሰው አልነበረም። በግምት ሞላሁት።»

ሳቁ ቆመ። ሄሌድ ንዴቱም ደስታውም አንድ ላይ መጣባት፤ የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት። ጫማዋን የሞላው በረዶ፣ የሌሉትን ስድስት በጎች እየተጣራች ያደረችበት ሸለቆ ትዝ አላት።

«ሦስት ቀን፣ ክላይቭ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ቀጣዩ ተራ የክላይቭ የራሱ መንጋ ነበር። በረት ውስጥ ይጮሃል፤ በሩን ይገፋል። ክላይቭ የቆጣሪውን ቦታ ለቆ ዞሮ መጣና መቀርቀሪያውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ልክፈት?» አላት።

ሄሌድ ጭቃ የነካውን ኮፍያዋን አነሳች። ጨመቀችው፣ አራገፈችው፣ እንደገና ጨመቀችው። ክላይቭ መቀርቀሪያውን እንደያዘ፣ ዝናቡ በአንገቱ እየገባ፣ እሷ «ክፈት» እስክትለው ቆሞ ጠበቀ።