የስንዱ ማስተርስ

በእኛ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በወሰን ሲካሰስ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያስታረቅሁት እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም እንጂ ነገር አውቃለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ስንዱ በሕግ ማስተርሷን መማር ስትጀምር ግን ሰዉ ደጄን እያለፈ እሷን መጠየቅ ጀመረ።

«የተማረ ይሻላል ብለን ነው» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ቀናሁ፣ አልዋሽም። ንፍጧን የጠረግሁላት ልጅ ዳኛ ትሁንብኝ? ብትወድቅ ጧፍ አበራለሁ ብዬ ለማርያም ተሳልሁ።

አለፈች።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስንዱ ናት። ይቅርታ እንደሚለምን በዳይ በአንድ እጇ ድንጋይ አንገቷ ላይ ደግፋ፣ በሌላው ወፍራም ጥራዝ ይዛ አጎንብሳለች።

«እማማ ትርንጎ፣ ይማሩኝ።»

«ምን አድርገሽኝ?»

«ሲያስታርቁ ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ እየሰማሁ እጽፍ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ የእርስዎ ቃል ነው። ሳላስፈቅድ ወሰድሁብዎ።»

በወጋችን ተበዳይ ይቅር ካለ ድንጋዩን ከበዳይ አንገት ያወርዳል። እኔ ግን በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥሁ።

«አንብቢልኝ» አልኋት፤ «ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ።»