ግሪክ ከነአማት

«እናቴ ካልመጣች እኔም ቀረሁ» ትላለች ሚስቱ ከኤምአርአይ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሆና፤ ድምፅዋ ጠረጴዛው ላይ ባለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይመጣል።

ባልየው ከመስታወቱ ወዲህ፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ከእሷ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። አንዱ ካልሲዋ ሰማያዊ፣ ሌላው ጥቁር ነው፤ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሁለቱም ልብ አላሉም።

የማይኩን ቁልፍ ይጫንና «አማቴን አዝዬ ግሪክ ድረስ?» ይላል። «እዚሁ ሰፈር ሆነው እንኳ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኛል።»

«እዚያ እኮ ባሕር አለ፤ ሲብስብህ ዘለህ መግባት ነው።»

ዋና እንደማይችል እያወቀች ነው። በራሷ ቀልድ ትስቃለች።

«አትሳቂ አለቃ፣ ጭንቅላትሽ ይነቃነቃል። አሁን አራት ደቂቃ ይጮኻል፤ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ማሽኑ መደብደብ ይጀምራል። ባልየው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰውን ጭንቅላት ፎቶ ሲያነሳ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የገዛ ዘመድን ማንሳት ክልክል ነው፤ የክፍሉ ኃላፊም ዛሬ ለሌላ ሰው እንዲተወው ለምኖት ነበር። ግን ሚስቱ ሊፍት ፈርታ ስድስት ፎቅ በእግሯ የምትወጣ ሴት ናት። «ያንተን ድምፅ ካልሰማሁ ሞቼ ነው የምገባው» ብላ በሩ ላይ ቆመች፤ ኃላፊውም እጁን ሰጠ።

ራሷን ያማት ከጀመረ ሦስት ወር ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ቀድታ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ዝም ብላ ስታየው አገኛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ከጉሮሮው አልወርድ ብሎታል፤ ቤት ውስጥ ግን ከወትሮው የባሰ ቀልደኛ ሆኖ ሰነበተ።

ለፈሪ በሽተኞች አንድ ዘዴ አለው። የት መሄድ እንደሚወዱ ይጠይቅና በወሬ ይዟቸው ይሄዳል። ሚስቱ ፓስፖርት እንኳ የላትም፤ ስትጠየቅ ግን አፍታም ሳታስብ፣ ነጫጭ ቤቶች ገደል ላይ የተደረደሩባትን የግሪክ ደሴት መረጠች። ትልቋ ልጃቸው ካርታውን ትይዛለች። ትንሿ ባገኘችው ድመት ሁሉ ላይ ስም ታወጣለች። እስካሁን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ጩኸቱ ይቆማል።

«ጀልባስ?» ትላለች።

«ጀልባ የሚባል ነገር ላይ አልወጣም። እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዳር ሆኜ ጫማችሁን እጠብቃለሁ።»

«ጉድ ነው። ስንት ቀን እንቆይ ታዲያ? እኔ ሦስት ሳምንት ነው ያልኩት።»

«አምስት ቀን። ከዚያ በላይ ነጭ ቤት ሳይ ዓይኔን ያመኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ በሕልም እንኳ ትከራከራለህ?»

«በሕልም ካልተከራከርኩማ የት ልከራከር?» ይላትና ቀጣዩን ያስጀምራል።

ፎቶው እንደ ተቆረጠ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ደህና ነው፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ደህና ነው። ከዚያ ከቀኝ ጆሮዋ ከፍ ብሎ አንዲት ነጭ ነገር ትታያለች። ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ አለች። ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ የወይን ፍሬ አክላለች።

እሱ ሐኪም አይደለም፤ አንብቦ ይህ ነው ማለት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይቷል። ፈርቷል፤ በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ጩኸቱ ሲቆም ቁልፉን ይጫናል።

«እሺ አለቃ፣ የት ላይ ነበርን?» ድምፁ ደህና ነው፤ ትንሽም ይኮራበታል።

«እናቴ ጋ።»

«ይምጡ።»

«እናቴ ትምጣ?» ትላለች።

«ይምጡ እንጂ። ባሕር የሚያሳየውን ክፍል ለእሳቸው እንሰጣቸዋለን። ጀልባውም ላይ እወጣለሁ፤ ትንሿን አቅፌ ከፊት እቀመጣለሁ። ሦስት ሳምንት ካነሰሽ ደግሞ አንድ ወር እንቆያለን፤ ማን ይቆጣናል?»

በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳር በእናቷ ጉዳይ ሳይከራከር እሺ ያለበት ቀን እንደሌለ ትዝ የሚለው፣ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቃሉን መመለስ ይፈልጋል፤ አንድ ቀልድ ይፈልጋል። አንድም አይመጣለትም።

«ጀልባውም ላይ?» ትላለች።

«ጀልባውም ላይ።»

ምን አየህ ብትለው የሚመልሰውን ውሸት ያዘጋጃል፤ ገና አልታየም፣ ሐኪሙ ነው የሚያውቀው፣ ይህን የመሰለውን። እሷ ግን አትጠይቀውም።

«ስንት ቀረ?» ትላለች።

«አንድ።»

«አንሳው። አይዞህ።»

ያስጀምራል። አራቱን ደቂቃ ሙሉ እግሮቿን ያያል፤ ጣቷ እንኳ አይንቀሳቀስም። ፎቶው ሲመጣ ግን ዳር እስከ ዳር ተደበላልቋል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ ድንጋይ ረግታ የተኛች ሴት፣ ይህን ያህል የምትንቀጠቀጠው ብታለቅስ ነው።

ቁልፉን ለመጫን እጁን ይዘረጋል።

«አልተነቃነቅኩም» ትላለች ቀድማው።

«አዎ፣ አልተነቃነቅሽም» ይላታል። የመጣውን ፎቶ ያጠፋና እንደገና ያስጀምራል።