ጤዛው ላይ የተመታች ኳስ

እሁድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓት ጠጋኙ አባት በአማተሮች የጎልፍ ውድድር የመጀመሪያ ቀን መቶ አራት ምት ፈጅቶ መጨረሻ ወጥቶ ነበር። ደንቡ መጨረሻ የወጣው በማግስቱ ቀድሞ ይጀምር ስለሚል፣ ጤዛ ባራሰው ሣር ላይ ከሴት ልጁ ጋር ብቻቸውን ቆሙ። ዱላዎቹን የተሸከመችው ልጁ አንዱን መዝዛ ሰጠችው።

«ዛሬም ካበላሸሁ፣ ዱላዎቹን ለሰው ሰጥቼ እገላገላለሁ» አላት።

«አባዬ ደግሞ፣ ማን ያይሃል? ሰው ሁሉ ተኝቷል።»

«ኳሷ ታየኛለቻ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ኳሷን መታት። ኳሷ ቀጥ ብላ በርራ አረፈችና ጤዛው ላይ ረጅም መስመር እያሰመረች ተንከባለለች። ልጁ ልትከተላት ስትል ክንዷን ያዘ። «ቆይ፣ መስመሯን እንዳትረግጪብኝ» አላት። ዙሪያውን ዞረው ሄዱ።

ያን ቀን ከትናንቱ አሥራ አምስት ምት ቀንሶ በሰማንያ ዘጠኝ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ በሕይወት የኖረው አሥራ አንድ እሁድ ብቻ ነው፤ በዘጠኙ ተጫወተ።