ጀልባዋን የቀደመ አረፋ

አምና ባሕር ላይ የሰጠመችውን የስደተኞች ጀልባ የመጨረሻ ጉዞ ለዘጋቢ ፊልም በኮምፒውተር የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ውኃ መሥራት ላይ የሚደርስባት የለም። የስቱዲዮው ኃላፊ ጋሽ ይርዳው ከኋላዋ ቆመው ሲያዩ ማዕበሉ የረጫቸው ያህል ፊታቸውን ጠረጉ። ወዲያው ግን ግራ ገባቸው።

«ምነው ልጄ፣ አረፋው ጀልባዋን ቀደማት እኮ! ጀልባ አረፋዋን ከኋላ ጥላ ነው የምትሄደው።»

«የኋሊት እየመለስኳት ነው፣ ጋሼ።»

«ወዴት?»

ጀልባዋ አረፋዋን እየዋጠች ከተነሣችበት ዳርቻ ደረሰች፤ ተሳፋሪዎቹም የኋሊት እየተራመዱ ይወርዱ ጀመር። ቢጫ ሹራብ የለበሰው ወጣት አሸዋውን ሲረግጥ ምስሉን አቆመችው።

«እዚህ ላይ ይብቃ፣ ጋሼ» አለች፣ መዳፏን ሹራቡ ላይ አሳርፋ። «ወንድሜ ወርዷል።»