ከአፉ ጀምር

ሰዓሊው መሰላሉን ወጥቶ የቀለሙን ጣሳ ሚስማር ላይ ሰቀለና ብሩሹን በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ወደተሳለው፣ ነጎድጓድ ወደሚሉት ዘፋኝ ዓይን አስጠጋ። አልነካውም።

«ኧረ ሰዓሊው! ልትቀባው ነው ልትሳለመው?» አለ የአዳራሹ ኃላፊ ከበሩ ላይ ሆኖ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይድረስልኝ ብያለሁ እኮ።»

«ይደርሳል። አንተ ብቻ ከስሬ ዞር በል።»

ኃላፊው እየሳቀ ወደ ውስጥ ገባ።

ሰሌዳው ላይ አራት ሰዎች አንድ ማይክሮፎን ከበው ይዘፍናሉ። «አራቱ ወንድማማቾች» ይባላሉ፤ ከአንድ እናት የወጡ ሁለት እንኳ የሉባቸውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን የዘፈን ስልት ዘፍነዋል። መጀመሪያ የሳላቸው ይኸው ሰዓሊ ነው፤ ያኔ ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲሞት፣ አንዱ ተኳርፎ ሲወጣ፣ አንዱ አገር ጥሎ ሲሄድ፣ በአሮጌው ፊት ላይ የተተኪውን ፊት እየደረበ ኖረ። ኮቱና ከረባቱ እንዳለ ነው፤ የሚለወጠው ከአንገት በላይ ያለው ብቻ ነው። ሦስቱን ሲሸፍን አዝኗል። ማታ ቤቱ ገብቶ ካሴቱን ሲከፍት ግን ሐዘኑ ይለቀው ነበር።

ዛሬ የቀረው ነጎድጓድ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አራት የመጨረሻው፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው። ከሦስት ወር በፊት ጉሮሮውን ቀደው አንድ ነገር አወጡለት፣ ድምፁም አብሮ ወጣ ተባለ።

«ወንድሜ፣ እኔን ልታጠፋኝ ነው?»

ሰዓሊው ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከታች ከዘራ የያዙ፣ አንገታቸውን በሻርፕ የጠቀለሉ ሽማግሌ፣ ነጎድጓድ ራሳቸው፣ ቀና ብለው ያዩታል። ድምፃቸው ወረቀት በወረቀት ላይ ሲጎተት ይመስላል።

«ጋሼ! ኧረ እኔ... የታዘዝኩትን ነው።»

«አውቃለሁ። ጆሮዬን ግን አተልቀህብኛል። ስንት ዓመት ልነግርህ ስል።»

«ጆሮዎትማ ትልቅ ነው ጋሼ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ትከሻቸው ብቻ ነው የሳቀው፤ ድምፅ አልወጣም። ሰዓሊው ዓይኑን ወደ ጣሳው መለሰ።

«አንተስ ስትዘፍን የማንን ድምፅ ነው የምትይዘው?» አሉት። ይህን የወደዳቸውን ሁሉ ሳይጠይቁ አይቀሩም።

«የእርስዎን።»

«ብቻህን?»

«ከባለቤቴ ጋር ነበር። እሷ ቀጭኑን።»

ማታ ማታ ሳህን ሲያጥቡ ነበር የሚዘፍኑት፤ እሷ ታጥባለች፣ እሱ ያደርቃል። «መሃል ያሉትን ሁለቱን ድምፆች ልጆች ስንወልድ እናስይዛቸዋለን» ትለው ነበር። ልጆቹ አልመጡም። እሷም ሄደች፤ ዘንድሮ አራት ዓመቷ። ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ሳህኑን ብቻውን እያጠበ ድርሻውን ሞከረው። ወፍራሙ ድምፅ ለብቻው ዘፈን አይሆንም፤ ጉርምርምታ ነው። ጎረቤቱ ግድግዳውን ደበደበችና «አመመህ እንዴ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ተወው።

እህቱ «ሌላ አግባ እንጂ!» ትለዋለች። «የምታመልካቸው ዘፋኞችህስ ቢሆኑ ሰው ይተኩ የለም?»

«እኔ ባንድ ነኝ?» ይላታል።

«አሁንስ ትዘፍናለህ?» አሉት ሽማግሌው።

ሰዓሊው ቀለሙን በብሩሹ አማሰለ። እሳቸውም ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በል ሥራህን ሥራ። ከየት ነው የምትጀምረው?»

«ከዓይን ነው ጋሼ፤ ሁልጊዜ። የምሸፍነው ሰው ሲያየኝ አልወድም።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ሰሌዳው አመለከቱ። «የኔን ከአፉ ጀምር። ቀድሞ የሄደው እሱ ነው። ዓይኔ እንኳ እስከ መጨረሻው ይይ።»

ሰዓሊው ብሩሹን ነክሮ አንድ ጊዜ ጎተተው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ፊት ወጣ ብሎ የቆየው የታችኛው ከንፈር ጠፋ። ሁለተኛ ሲጎትተው ላይኛውም ተከተለ።

ያኔ ከአዳራሹ ውስጥ ልምምዱ ተጀመረ። መጀመሪያ ሦስቱ ድምፆች ገቡ፣ ከዚያ አራተኛው ከሥር መጣ፤ ነጎድጓድን የተካው የአዲሱ ልጅ ድምፅ። ሰዓሊው ልጁ እንዲሳሳት ተመኘ። እያፈረም ቢሆን ከልቡ ተመኘ፤ ድምፁ ይሰንጠቅ፣ አንድ ቦታ ይዘግይ፣ የሆነ ነገር ይጉደል። ልጁ አልተሳሳተም። እግር የራሱ ጫማ ውስጥ እንደሚገባ ገብቶ ቦታውን ሞላው። ምንም አልጎደለም። ሰዓሊው የመሰላሉን እንጨት ጨብጦ ግንባሩን አስደገፈበት።

«ጎበዝ ነው» አሉ ሽማግሌው በዚያ በወረቀት ድምፃቸው። «እኔው ነኝ ያስተማርኩት።»

ቀጥሎ ሁለቱም የሚያውቁት ቦታ መጣ። ሌሎቹ ዝም ይሉና ቀጭኑ ድምፅ ብቻውን ሁለት ስንኝ ይወጣል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ወፍራሙን ይጠብቃል። እዚህ ጋ ባለቤቱ ሁልጊዜ እርጥብ ሳህን እንደያዘች ዞር ብላ ታየው ነበር፣ «በል እንግዲህ» እንደማለት።

ሰዓሊው መሰላሉ ላይ ሆኖ አየር ሳበ። ከታች የሽማግሌው ሻርፕ ከፍ ሲል አየ። ከሰሌዳው ላይ አፍ የሌለው ፊት፣ ዓይኖቹን እንደከፈተ፣ ይመለከተዋል።

ተራቸው ደረሰ። ሁለቱም አፋቸውን ከፈቱ። ወፍራሙ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከልጁ ጉሮሮ መጣ።