ድፍድፍ የሚቀምስ ምላስ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ውሸት ከተገኘች ምላሴ ይቆረጥ! ምላሴ ደግሞ እንደ ማንም ምላስ አይደለም፤ የመንግሥት ፈቃድ አለው።

መለኪያ ማሽኖች መዋሸት ከተማሩ ወዲህ ሕጉ የሚያምነው የሰው ምላስ ብቻ ነው። ጨው ያለበት ድፍድፍ ነዳጅ የድሬዳዋውን ማጣሪያ ቧንቧ እንደ ብል ይበላዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በውሃ ይታጠባል፣ እኔ እቀምሰዋለሁ፣ «ይደገም!» ካልኩ ድሬዳዋ በሙሉ ቀጥ ትላለች። አንዴማ ድፍድፉን ጭኖ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ገና ሽንሌ ሳይደርስ፣ ጨዉን ከነፋሱ ለይቼ አስመልሼዋለሁ።

ትናንት በምሳ ሰዓት ተቆጣጣሪው አቶ ነጂብ ፈቃዴን ሊያድስ ቤቴ መጣ። ምላሱ የደነዘዘ ቀማሽ በዚያው ቀን ይሰናበታል። ባለቤቴ እቴነሽ ሽሮ አቀረበች። ነጂብ ረመዳን ይዞ ስለነበር ጎራሹ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዴ ጎርሼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጨዉ በግማሽ ቁንጥር በዝቷል» አልኩ። «የአፋር ጨው ነው፤ በግመል የመጣ። ግመሏም ሴት ናት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጉድ ነዎት!» አለና ነጂብ ማኅተሙን አነሳ።

ማኅተሙ ወረቀቱን ሊነካ ሲል እቴነሽ ቀስ ብላ ተናገረች፦

«ሐኪሙ የደም ግፊት አለብህ ካለህ ወዲህ እኮ እዚህ ቤት ጨው ገብቶ አያውቅም። ምንም ሳትል ስትበላልኝ፣ ያለ ጨው መብላቱን የቻልከው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»