ባዶ መስመር

የአባታችንን የሞት ማስታወቂያ የምትተይበው ታላቅ እህቴ ናት። ጽሑፍ ባስቀመጠች ቁጥር ኮምፒውተሩ ባዶ መስመሮችን በራሱ እንዲያጠፋ አዝዛዋለች።

ከልጆቹ ስም ተርታ የእኔን በራሱ መስመር ላይ ጻፈች። ስታስቀምጠው ጠፋ። ደግማ ጻፈችው፤ አሁንም የእኔ ብቻ ጠፋ።

«ይሄ ኮምፒውተር የተጻፈበትን መስመር ነክቶ አያውቅም» አለችና በምሬት ሳቀች። «አባዬ ታሞ ሲጠራህ አንዴ እንኳ ብቅ ብትል ምን ነበረበት?»

«እትዬ፣ ወቀሳውን ለነገ አቆዪውና ጻፊኝ። እኔም ልጁ ነኝ።»

ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፍ እናታችን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?»

እህቴ እኔን ልታሳያት ዞር አለች። አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ፣ ዓይኖቿ በክፍሉ ሁሉ ፈለጉኝ።